ጋሼ ደበበ «አቤት» ያሉት ለማን ነበር?

ስለ ቡዳ፣ ስለ ዛር፣ ስለ ጥላ ወሬ ሲነሳ ስልኩን አውጥቶ ኳስ የሚያየው ሰው እኔ ነኝ፣ እመኑኝ፣ ልጅ ሆኜም ቢሆን ጭለማ አልፈራም ነበር፣ እናቴ «የዚህ ልጅ ልቡ ከምን እንደተሠራ እንጃ» እያለች ትገረም ነበር። አንዳንድ ጓደኞቼ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያወሩ «ታዲያ የዚያን ቀን ምን ጠጥተህ ነበር?» ብዬ እየጠየቅኩ ስንቱን አስቀይሜያለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ «ድሮም ፈሪ ነው» እንዳትሉኝ ነው፣ ደግሞ የዚያን ቀን የጠጣሁት ውሃ ብቻ ነው።

ሥራዬም ለእንዲህ ያለ ነገር የሚመች አይደለም። ላብራቶሪ ነው የምሠራው፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ፣ ስሙን የማልጠራው ትንሽ ኩባንያ ውስጥ። ከአይጥ ወደ ሰው የሚተላለፍ አንድ ቫይረስ አለ፣ ሲጀምር ተራ ትኩሳት ይመስላል፣ ሲብስ ግን ደም ያፈሳል፣ ኩላሊት ይጥላል፣ እኛ ያንን በሽታ ለሚያጠኑ ሰዎች የመመርመሪያ ግብዓት እናዘጋጃለን፣ እነሱ ሪኤጀንት ይሉታል። ቫይረሱ ራሱ እኛ ጋ የለም፣ አይምጣብን፣ ያለን የቫይረሱ ገላ ላይ ከሚገኙት ነገሮች አንዷ ፕሮቲን ብቻ ናት፣ እሷም ላብራቶሪ ውስጥ ተሠርታ የምትመጣ እንጂ አይጥ አይታ የማታውቅ። ይህችን ፕሮቲን ትንንሽ ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሳህን ላይ እንለጥፋታለን፣ ከዚያ ከሰው ደም የተጣራውን ፈሳሽ እንጨምርባታለን፣ ሰውየው በሽታው ይዞት የሚያውቅ ከሆነ ደሙ ያስታውሳታል፣ ጉድጓዱም ሰማያዊ ይሆናል፣ ካልያዘው ግን ውሃ እንደመሰለ ይቀራል። ሰማያዊ ወይም ውሃ፣ ሌላ ነገር የለም፣ እኔም ይህን ሥራዬን የምወደው ለዚሁ ነበር።

ጋሼ ደበበ አብረውኝ ይኖሩ ነበር፣ ኧረ ምን ማለቴ ነው፣ እኔ ነኝ አብሬያቸው የምኖረው። ከፒኮ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለችውን ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ የተከራዩት እሳቸው ናቸው። ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ የምቀርበው ዘመድ አልነበረኝም፣ የአገር ሰው በአገር ሰው በኩል ተነግሯቸው ኤርፖርት ድረስ መጥተው ተቀበሉኝ፣ «እስክትቋቋም» ብለው አንዷን ክፍል ሰጡኝ፣ ከተቋቋምኩም በኋላ ውጣ አላሉኝም፣ እኔም መውጣት አላማረኝም። መሃል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ግትር ናቸው፣ ተረበኛ ናቸው፣ ሲያኮርፉ እንኳ ምሳዬን ከፍሪጅ አውጥተው ያሞቁልኛል። እንዲያው በግልጽ ልናገረውና፣ እሳቸው ከሌሉ እኔ እዚህ አገር ማንም የለኝም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሐበሻ ዕቃ ሱቅ ያላቸው እትዬ አስካለ ዌስት አዳምስ ሰፈር ውስጥ ለዕቃ ማስቀመጫ ጋራዥ የተከራዩ ጊዜ ነው። ጋራዡ ለዓመታት ተቆልፎ የቆየ ነው፣ ጋሼ ደበበም በዕረፍት ቀናቸው «ላግዛት» ብለው ሄደው ከዋሉ በኋላ ቅንድባቸው ሳይቀር አቧራ ለብሶ ገቡ።

«አይጥ እንዴት ነው የተጫወተበት መሰለህ! ካርቶኑን ሁሉ አድቅቆታል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ታዲያ እንዴት አደረጋችሁት?»

«በመጥረጊያ ነዋ! ጠርጌ ጠርጌ ወለሉን ምንጣፍ አስመሰልኩላት።»

«በደረቁ?» አልኩኝ። «አይጥ የጣለው ቆሻሻ በደረቁ አይጠረግም እኮ ጋሼ፣ አቧራው ነው በሽታ የሚያመጣው፣ መጀመሪያ ውሃና በረኪና ይረጭበታል፣ ማስክ ይደረጋል…»

«አንተ ደግሞ ሥራ ከያዝክ ወዲህ አይጥ፣ አይጥ፣ አይጥ! አይጥ ነው እንዴ ያሳደገህ?» ብለው ሳቁብኝና ገላቸውን ሊታጠቡ ገቡ።

ከዚያ ሁለት ሦስት ሳምንት አለፈ፣ እኔም ረስቼው ነበር፣ አንድ እሑድ ጠዋት ጋሼ ለቅዳሴ ሳይነሱ ቀሩ። ይህ ሆኖ አያውቅም። ክፍላቸው ስገባ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበው ይንቀጠቀጣሉ፣ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ወገቤን ወገቤን ይላሉ፣ ግንባራቸውን ስነካው እጄን መልሼ ሳብኩ። ወገብ፣ የዓይን መቅላት፣ ትኩሳት፣ እነዚህን ቃላት እኔ በየቀኑ ሥራ ቦታ አነባቸዋለሁ።

«ተነሱ ጋሼ፣ ሆስፒታል እንሂድ።»

«የት? ምች ነው የመታኝ፣ ትናንት የፓርኪንጉ ጣራ ላይ ላብ ላብ እያለኝ ነፋስ ገባኝ» አሉ፣ እኔ ሳላውቅም እትዬ አስካለ ጋ ደውለው ኖሯል፣ እትዬ ከቤተክርስቲያን በቀጥታ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ከሱቃቸው ጀርባ በማሰሮ የሚያሳድጉትን ዳማከሴ ቀንጥሰው መጡ። ቅጠሉን በእጃቸው አሽተው ጋሼን አስነፈሷቸው፣ ጭማቂውን ግንባራቸውን ቀቧቸው፣ ክፍሉ በዳማከሴ ሽታ ሞላ።

«እትዬ፣ ይሄ ምች አይደለም፣ ያ ጋራዥ ነው፣ አሁኑኑ ኢመርጀንሲ ልወስዳቸው ነው» አልኳቸው።

«ወስደህ መርፌ ልታስወጋቸው? ምች መርፌ አይወድም! ሰው ትገድላለህ ልጄ፣ ስማኝ፣ ካላባቸው ይለቃቸዋል፣ ኦኬ?»

«እትዬ፣ ሥራዬ እኮ ነው፣ አውቀዋለሁ…»

«አስካለ ያለችው ልክ ነው» አሉ ጋሼ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እስቲ ትንሽ ልተኛ፣ ከዚያ ካልሻለኝ እንሄዳለን።»

በቃ። እምቢ ያለ ትልቅ ሰው ተሸክሞ ደረጃ መውረድ እንዴት ይቻላል? አምቡላንስ ብጠራ እምቢ ብለው ይመልሱታል፣ አውቃቸዋለሁ። እትዬ አስካለ እሑድ ገበያ ነው ብለው ወደ ሱቃቸው ሄዱ፣ እኔ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፣ ትንሽ እንዳዳከማቸው በልመና እወስዳቸዋለሁ ብዬ የመኪናዬን ቁልፍ በእጄ እንደያዝኩ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ ተኝታለች፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ጭለማ የለም፣ ሻማ የለም፣ ምንም የለም።

መጀመሪያ የሰማሁት መፋቅ ነው። ከጋሼ ራስጌ፣ ከግድግዳው ውስጥ፣ ክር ክር፣ ዝም፣ ክር ክር። በልቤ «ይኸው፣ እኛም ቤት ገባ» አልኩና ግድግዳውን በቡጢ መታሁት፣ አይጥ ሲመቱበት ዝም ይላል፣ ወይም ይሮጣል፣ ይሄ ግን ዝምም አላለም፣ አልሮጠምም፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው ፍጥነት ቀጠለ። ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ይህን ስነግራችሁ አሁንም ደስ አይለኝም፣ ጆሮዬን ስለጥፍ መፋቁ ወደ ጆሮዬ ቀረበ።

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ሳልቀመጥ ጋሼ ደበበ ጥርት ባለ ድምፅ «አቤት!» አሉ።

«አልጠራሁዎትም ጋሼ፣ ምን ፈለጉ?»

«አንተን አይደለም» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጋሼ ደበበን አቤት ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሥራ ቦታ አለቃቸው ሲጠራቸው «ወይ!» ነው የሚሉት፣ አለቃው ልጅ ነዋ፣ እኔ ስጠራቸው «ወይ»፣ እትዬ አስካለ ሲጠሯቸው «ወይ»፣ በዕድሜ የሚበልጣቸው ሰው በሰፈሩ የለም፣ አቤት የሚባለው ለሚከበር ወይም ለሚፈራ ነው፣ ታዲያ ለማን ነው? ደግሞ እያየኋቸው ብርድ ልብሱን ደረታቸው ላይ ያስተካክላሉ፣ ክርናቸውን ተመርኩዘው ለመነሳት ይታገላሉ፣ ትልቅ ሰው ሲገባ እንደሚደረገው።

«ትኩሳቱ ነው ጋሼ፣ ይተኙ።»

«ሬዲዮኑን ክፈተው» አሉኝ። «ጮክ አድርገህ ክፈተው። ወይም ውጣ፣ እስቲ ወጣ ብለህ ንፋስ ተቀበል።»

«ትቼዎት ወዴት ልሂድ?»

«ውጣ አልኩህ!» ብለው ተቆጡኝ፣ በዚያ ደካማ ድምፅ፣ እኔ ግን አልወጣሁም፣ ሬዲዮም አልከፈትኩም፣ ምክንያቱም ያኔ እኔም ሰማሁት።

እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? ሰው ከሩቅ ሆኖ ሲጠራ ቃሉ ሳይለይ ጥሪ መሆኑ ብቻ የሚታወቅበት ጊዜ አለ አይደል፣ እንደሱ ነው። ስም ነው፣ ስም መሆኑን እምላለሁ፣ የማን እንደሆነ ግን አልያዝኩትም። የመጣው ደግሞ ከሩቅ አልነበረም፣ ከዚያ መፋቁ ካለበት ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት የለም፣ የሕንፃው ጫፍ ነን፣ ወዲያ አየር ነው። መስኮቱን ከፍቼ አንገቴን አወጣሁና ወደ ውጪው ግድግዳ አየሁ፣ ልሙጥ ነው፣ ቧንቧ እንኳ የለውም። ታች መኪና ማቆሚያው ላይ የአንደኛ ፎቅ ሰዎች ውሻ ቆሟል፣ እኔን አላየኝም፣ የጋሼ አልጋ ራስጌ ካለበት ቦታ ትይዩ ግድግዳውን ሽቅብ ይመለከታል፣ አይጮህም፣ ጅራቱንም አይወዘውዝም።

ከኋላዬ ጋሼ ሁለተኛ «አቤት፣ አለሁ!» አሉ።

ለማይታወቅ ድምፅ አቤት አይባልም፣ ስትጠራ ዝም በል፣ ሦስቴ ካልተደገመ አፍህን አትክፈት እየተባልን ነው ያደግነው፣ እናንተም ሳትሰሙት አትቀሩም፣ እኔ ሁልጊዜ ስስቅበት የኖርኩት ነገር ነው፣ ያን ዕለት ግን እንዳልስቅ ፊታቸው ከለከለኝ። መፋቁ ፈጠነ። ለሦስተኛ ጊዜ ተጠራ። ጋሼ አፋቸውን ከፈቱ፣ ሳል ያዛቸው፣ ያለ ፋታ ሳል፣ ትንፋሽ አጡ፣ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው ያወዛውዛሉ፣ ዓይናቸው ፈጧል፣ እኔ «መልስልኝ፣ እኔ አልቻልኩም» የሚሉኝ መሰለኝ። ደግሞ ተናድጄ ነበር። በሽታው ሲያናድደኝ፣ የምች ወሬው ሲያናድደኝ፣ የማላምንበት ነገር ቤቴ ገብቶ ሲያስፈራራኝ አናደደኝና ወደ ግድግዳው ዞሬ በሙሉ ድምፄ ጮህኩ፦

«አቤት! እኔ ነኝ! ምንድነው?»

መፋቁ ቆመ። ቀስ እያለ አይደለም፣ በአንዴ። ፒኮ ላይ የሚያልፈው የአውቶብስ ድምፅ ሳይቀር ለትንሽ ጊዜ የጠፋ መሰለኝ፣ ምናልባት ደሜ ጆሮዬ ላይ ወጥቶ ይሆናል፣ አላውቅም። ጋሼ ሳላቸው ተወት አደረጋቸውና ትራሱ ላይ ወደቁ፣ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርዳል።

«ምነው?» አሉኝ። «ምነው ልጄ፣ ምን አደረግክ?»

ግንባራቸውን ነካሁት፣ በላብ ርሷል፣ ትኩሳቱ እጄ ላይ እየቀነሰ ይታወቀኛል፣ ከአፍንጫቸው ግን ቀጭን ደም ወጥቶ ከንፈራቸው ላይ ደርሷል። እኔ ደሙን ሳይ ሌላውን ሁሉ ረሳሁ። አንስቼ ደገፍኳቸው፣ በዚህ ጊዜ እምቢ አላሉም፣ እንደ ልጅ ተከተሉኝ፣ ደረጃውን ወረድን፣ ውሻው ከመንገዳችን ዘወር አለ።

ሆስፒታል ስለ ጋራዡ ነገርኳቸው፣ በቁም ነገር ያዙት፣ ሐኪሙ ትንሿ አይጥ ናት ወይስ ትልቋ ብሎ ሲጠይቅ እኔ ለጋሼ ተረጎምኩላቸው፣ እሳቸውም «አይጥ ነዋ፣ አይጥ ምን ትንሽና ትልቅ አለው? አይጥ አያውቅም እንዴ ይሄ ልጅ?» ብለው በዚያ ሁኔታቸው አሳቁኝ፣ ተመስገን አልኩ፣ ተረባቸው ተመልሷል ማለት ነው። ደማቸው ለዚያ በሽታ ምርመራ ወደ ሌላ ቦታ ተላከ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ መልሱ መጣ፣ የለባቸውም። በጭራሽ። ያልታወቀ ቫይረስ ነው፣ እያለፈ ነው ተባሉ፣ ኩላሊታቸው ደህና፣ ሳምባቸው ደህና። እትዬ አስካለ ሾርባ ይዘው ሊጠይቋቸው መጥተው «አላልኩህም? ዳማከሴዬ ነው!» ብለው ጮቤ ረገጡብኝ። ይርገጡ፣ እኔ እንደሆን ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ጋሼ ገና ሆስፒታል ሳሉ ነው እኔ ወደ ሥራ የተመለስኩት። እዚያ ደግሞ አንድ ልማድ አለን፣ እያንዳንዱ ሳህን ላይ በሽታው ኖሮት የማያውቅ የጤነኛ ሰው ደም ለማነጻጸሪያ ይገባል፣ እሱ ውሃ ሆኖ ካልቀረ የሳህኑ ውጤት ሁሉ ዋጋ የለውም። የእኛ ላብራቶሪ ጤነኛ ሰው እኔ ነኝ። የሰጠሁት ደም ከተቀዳ ቆይቷል፣ በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ ፍሪዘር ውስጥ አለ፣ አንድም ቀን ቀለም አሳይቶ አያውቅም፣ የሥራ ባልደረቦቼ «ንጹሑ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

የዚያን ቀን ሰማያዊ ሆነ። ትንሽ አይደለም፣ ጥቁር እስኪመስል ሰማያዊ።

አለቃዬ ረጋ ያለች ሴት ናት። «ተሳስተህ ጨምረህ ነው፣ ድገመው» አለች። ደገምኩ፣ ሰማያዊ። ራሷ ሠራችው፣ ሰማያዊ። ሌላ ጊዜ የመጣ ፕሮቲን ተጠቀምን፣ ከተዘጋ ጀምሮ ያልተከፈተ ቱቦ ከፈትን፣ ሰማያዊ። በመጨረሻ «እጅህን አምጣ» ብላኝ አዲስ ደም ተቀዳሁ፣ ጉድጓዱን ቆመን ጠበቅነው፣ ውሃ። ድጋሚ፣ ውሃ። ዛሬ የተቀዳው ደሜ በሽታውን አያውቀውም፣ ያኔ የተቀዳው ደሜ ያውቀዋል፣ እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ግን አያውቀውም ነበር።

«ሶ፣ አንተ ጤነኛ ነህ፣ የታመመው ደምህ ነው» ብላ ሳቀች፣ ኋላ ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወችና «ፍሪዘሩ ውስጥ የሆነ ነገር ተበክሏል፣ እንጥለውና እንርሳው» አለችኝ። ጣልነው። እንዴት እንደተበከለ ግን እሷም አልነገረችኝ፣ እኔም አልጠየቅኳት፣ ያልተከፈተ ቱቦ እንዴት እንደሚበከል ሁለታችንም አናውቅማ።

ጋሼ ደበበ ወደ ቤት የገቡ ዕለት ሶፋው ላይ አስቀምጬ ሻይ አፈላሁላቸው። ከስተዋል እንጂ ደህና ናቸው። ቴሌቪዥኑን ከፈትኩላቸው፣ ዘጉት።

«ኤፍሬም፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ዕለት ለምን አቤት አልክ?»

«እርስዎ አቅቶዎት አይቼ ነዋ ጋሼ። ሲጠራዎት መመለስ ሲያቅትዎት…»

«እኔን?» አሉ። «እኔን መች ጠራኝ?»

ስኳሩን ማማሰሌን ተውኩ።

«ደበበ ቢል ኖሮ አቤት እል ነበር? ሞኝ ነኝ እንዴ? ዝም ነበር የምለው፣ እንዲያ ነው ያደግኩት። ምትኩ ነበር የሚለው። ምትኩ፣ ምትኩ እያለ። እኔ ደግሞ የእሱን ምትክ አምጡ የሚል መሰለኝ፣ በእኔ ፈንታ ሌላ ሰው የሚጠይቅ መሰለኝ፣ ቤት ውስጥ ያለኸው ደግሞ አንተ ብቻ ነህ። ምትክ አትፈልግ፣ እኔው አለሁ ለማለት ነው አቤት አቤት የምለው። እኔ ኖሬያለሁ፣ አንተ ምን አየህ ገና? ውጣ ብልህ እምቢ አልክ። በመጨረሻ ሳሉ ያዘኝ፣ አትመልስ እያልኩ በእጄ ባሳይህ ዘለህ ገባህበት።»

ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት።

«ኋላ ሳስበው ግን» አሉ ጋሼ፣ «የሰው ስም ሊሆን ይችላላ! ምትኩ የሚባል ሰው ነበር እንዴ የሚፈልገው አልኩ። እኔ ምትኩ የሚባል ሰው አላውቅም። አንተስ ታውቃለህ?»

እንግዲህ ልንገራችሁ። ከእኔ በፊት እናቴ አንድ ወንድ ልጅ ቀብራለች፣ ስሙንም አላውቀውም። እኔ ስወለድ ምትኩ አለችኝ፣ አባቴ ትምህርት ቤት ሲያስገባኝ ስሙን ስላልወደደው ኤፍሬም ብሎ አስመዘገበኝ፣ ከዚያ ወዲህ ከእናቴ በቀር በዚያ ስም የጠራኝ ሰው የለም፣ እናቴም ካረፈች ቆይታለች። ፓስፖርቴ ላይ የለም፣ እዚህ አገር ለአንድ ሰው ነግሬ አላውቅም፣ ለጋሼም ቢሆን።

«አላውቅም ጋሼ» አልኳቸው።

«ተመስገን!» አሉ፣ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁት፣ ያ ሁሉ ቀን ይህን ተሸክመው ኖረዋል ለካ። «እንግዲያው ቤት ተሳስቶ ነው የመጣው በለኛ!» ብለው ከታመሙ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ፣ እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ።